አፍሪካን በብስክሌት ማቋረጥ፦ መንገድ ሲዘጋ ዕቅድን እንደገና የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር፣ ከካይሮ ወደ ኬፕታውን በብስክሌት የሚወርዱ ሰዎች ለዓመታት ሲተማመኑበት የኖሩት መንገድ በአንድ ጀምበር ተቆረጠ። በአስዋን በኩል ወደ ዋዲ ሃልፋ ተሻግሮ፣ የዓባይን ዳር ይዞ በዶንጎላና በካርቱም ካለፈ በኋላ በመተማ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ይህ መስመር በአቅራቢያው ምትክ የለውም፤ በምዕራቡ በኩል ዳርፉርና በረሃው፣ በምሥራቁ ደግሞ ቀይ ባሕር ነው ያለው። ወሬውን ካይሮ ሆኖ የሰማ ብስክሌተኛ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ናይሮቢ በአውሮፕላን ተሻግሮ ጉዞውን መቀጠል ይችል ነበር። ዶንጎላ ሆኖ የሰማ ግን ከሁሉ በፊት ነፍሱን ማትረፍ ነበረበት።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ መመሪያ መነሻ ነው። መንገድ መዘጋቱን የት ላይ ሆነን እንደሰማን የጉዞውን ዕጣ ይወስናል። አውቶቡስ ተራ፣ ባንክ፣ ኤምባሲ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ከተማ የሰማ ሰው ሦስት አራት መውጫ አለው፤ ቪዛው ሁለት ቀን ሲቀረውና ውሃው ሲያልቅ ኬላ ደጃፍ ላይ የሰማ ሰው ምንም የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ አንድ ዓላማ አለው፤ ውሳኔውን ከኬላው ደጃፍ አንስቶ ወደ ኋላ፣ መምረጥ ወደሚቻልበት ቦታ ማምጣት ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከመስመሩ በፊት ቋጠሮዎቹን ይለዩ

ካርታ ዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ማስመር ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን መንገዱ ወደ አንድ ጠባብ በር የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች ፈልገው ምልክት ያድርጉባቸው። እኔ ቋጠሮ እላቸዋለሁ። በምሥራቁ መስመር ሦስት ትልልቅ ቋጠሮዎች አሉ፤ የግብፅና የሱዳን ድንበር፣ መተማ እና ሞያሌ። ከናይሮቢ በታች ቋጠሮው ይላላል፤ ወደ ታንዛኒያ በናማንጋ፣ በታቬታ ወይም በኢሴባኒያ፣ ወደ ኡጋንዳ ደግሞ በቡሲያ ወይም በማላባ መግባት ስለሚቻል አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይተካዋል። በምዕራቡ መስመር ከሞሮኮ በኩል ወደ ሞሪታኒያ ተጓዦች የሚያልፉበት በር ጉርጓራት ነው። የሴኔጋልን ወንዝ ለመሻገር ሮሶ እና ዲያማ የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ዲያማ በግድብ ላይ ስለሚያልፍ ለብስክሌተኛ የተሻለ ነው። ከናይጄሪያ ወደ ካሜሩን በኤኮክ በኩል የሚያስገባው አስፋልት ጥሩ ቢሆንም፣ የሚያልፈው ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ባልተለየው የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ክልል ነው።

ለእያንዳንዱ ቋጠሮ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ አንድ ገጽ ይስጡት፤ በገጹም ላይ የመወሰኛ ከተማውን፣ ቋጠሮው ቢዘጋ የሚተካውን መንገድ እና ለመጠበቅ የሚፈቅዱትን የቀን ብዛት ይጻፉ። የመወሰኛ ከተማ ማለት ከቋጠሮው በፊት የሚገኝ፣ ትራንስፖርትና ገንዘብ የሚገኝበት፣ ወደ ሌላ መንገድ መታጠፍ ወይም መመለስ ቀላል የሆነበት የመጨረሻው ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ሐዋሳ ለዚህ ትመቻለች። ሞያሌ ደርሶ ተዘግቷል የተባለ ሰው ወደ አዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል መመለስ ይጠብቀዋል።

ምትኩን ሲጽፉ ራስዎን አያታልሉ። ለምሳሌ ከያቤሎ ወደ ኮንሶ ታጥፎ በኦሞራቴ በኩል የቱርካናን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ የሚወርደው መንገድ በካርታ ላይ የሞያሌ ምትክ ይመስላል፤ ነገር ግን አሸዋና ሹል ድንጋይ የበዛበት፣ ውሃም ሰውም የራቀበት ስለሆነ ራሱን የቻለ ዝግጅት የሚጠይቅ ሌላ ጉዞ ነው። በሁለት ቀን ውሳኔ የሚገባበት አይደለም።

የመጠበቂያውን ቀን አስቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው የመዘጋት ዕድሜ በምንም ስለማይለካ ነው። የጉርጓራት በር በ2013 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ተከፈተ። የሩዋንዳና የኡጋንዳ ዋና መተላለፊያ የሆነው ጋቱና ከየካቲት 2011 እስከ ጥር 2014 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። የአልጄሪያና የሞሮኮ የየብስ ድንበር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። የተከፈተ በርም ሁልጊዜ ተከፍቶ አይቆይም፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በደስታ ዕንባ የተከፈተው የዛላምበሳ መንገድ ወራት ሳይቆይ መልሶ ተዘግቷል። «ትንሽ ልጠብቅ» የሚል ሰው ትንሽ የሚለው ስንት ቀን እንደሆነ ልቡ ሲረጋጋ፣ ቤቱ ተቀምጦ ሊጽፈው ይገባል። ኬላ ላይ ሆኖ የሚወስነው ተስፋው ነው።

፪. ዝናቡና ነፋሱ የት እንደሚያገኙዎ ይወስኑ

የኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። ከዛምቢያና ከማላዊ በታች ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲሆን፣ በምዕራብ አፍሪካ የሳህል አገሮች ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አዲስ አበባን በጥቅምት የለቀቀ ሰው ኬንያን በአጭሩ ዝናብ፣ ደቡቡን በዋናው ዝናብ ያገኘዋል። አራትና አምስት ወር በሚፈጅ ጉዞ ዝናብን ጨርሶ ማምለጥ አይቻልም፤ ዝናቡ አስፋልት ላይ እንዲያገኝዎ ማድረግ ግን ይቻላል። የጠጠሩንና የአፈሩን መንገድ ለደረቁ ወር፣ አስፋልቱን ለዝናቡ ወር ይደልድሉ። ዋልካ አፈር ሲርስ ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ይጋገራል፤ በሁለት መቶ ሜትር ውስጥ ጎማው መዞር ያቆማል፤ ያን ጊዜ 40 ኪሎ የተጫነ ብስክሌት ተሸክሞ መሄድ እንጂ መጋለብ አይኖርም።

የደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ አውሎ ነፋስም አለበት። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤይራ አጠገብ ሲመታ፣ ከወደቡ ወደ ዚምባብዌ የሚወስደው ዋና መንገድ ራሱ ተቆራርጦ ነበር። ከጥር እስከ መጋቢት በሞዛምቢክ ጠረፍ በኩል የሚያስቡ ከሆነ ምትኩን ወደ ውስጥ፣ ወደ ዛምቢያ በኩል ይያዙት።

ነፋስን ብዙዎች ይንቁታል፤ ዕቅድን ከሚያፈርሱት ነገሮች አንዱ ግን እርሱ ነው። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው 245 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ከተነጠፈበት ወዲህ በሦስት ቀን የሚያልቅ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ አካባቢ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ዓመቱን ሙሉ የማያቋርጥ ነው፤ ከቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ 365 ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት በእርሱ ነው። ወደ ደቡብ የሚወርድ ብስክሌተኛ ይህን ነፋስ በፊቱ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ውሃውንም ቀኑንም ለአምስት ቀን ያዘጋጅ። በሰሃራ የአትላንቲክ ዳርቻ ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ስለሚመጣ ከሞሮኮ ወደ ሴኔጋል መውረድ ከመውጣት እጅግ ይቀላል። የምዕራቡን መስመር አቅጣጫ መገልበጥ ለሚያስብ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

፫. የቪዛውን ቀን ከመንገዱ ጋር ያስሉ

አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው በወረቀት ነው። ቪዛ ሁለት ቀኖች እንዳሉት ያስተውሉ፤ አንደኛው ወደ አገሩ መግባት የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን፣ ሁለተኛው ከገቡ በኋላ መቆየት የሚፈቀድበት የቀን ብዛት ነው። በብዙ አገሮች የመግቢያው ጊዜ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ስለሆነ፣ ሁሉንም ቪዛ ከመነሻው ከተማ ሰብስቦ መውጣት ለአውሮፕላን ተጓዥ እንጂ ለብስክሌተኛ አይሆንም፤ አምስተኛው አገር ሲደርሱ ቪዛው ሞቶ ያገኙታል።

ስሌቱን እንዲህ ይሥሩ። የ30 ቀን ፈቃድ በተሰጠበት አገር ውስጥ 1,100 ኪሎ ሜትር ቢኖርዎት፣ በቀን 70 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 16 ቀን ይሆናል። በየአምስት ቀኑ አንድ የዕረፍት ቀን ሲጨመር 19፣ ለሕመምና ለጥገና አራት ቀን ሲጨመር 23 ነው። የቀረው ሰባት ቀን ለተዘጋ መንገድ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው፤ ለመዝናኛ አይነካም። መጠባበቂያው ከአምስት ቀን በታች ከወረደ፣ አደጋው እስኪመጣ ሳይጠብቁ አሰልቺ የሆነውን የመንገዱን ክፍል በአውቶቡስ ይዝለሉት። ብዙ ሰው ይህን በመጨረሻው ሳምንት፣ ተገዶና ተጨንቆ ያደርገዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት በሰላም ማድረግ ይሻላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሁለት ልዩ ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው፤ በማህተሙ ላይ ያለው ቀን የፈረንጆች ስለሆነ በደብተርዎ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ የኬላው ሹም በቃሉ «ሳ ምቢሊ» ቢልዎ እኛ ሁለት ሰዓት የምንለውን ጠዋት ማለቱ ነው፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ያንኑ ሰዓት 8:00 ብሎ ይጽፈዋል። ከስዋሂሊ አገር ሲወጡ ደግሞ ይህ መግባባት ያበቃል። ሰዓት በተሳሳተ ቁጥር ኬላ ላይ አንድ ሌሊት ይታደራል።

ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ እንገባለን። ሩዋንዳ፣ ቤኒን እና ጋምቢያም ለአፍሪካውያን ሁሉ ቪዛ አይጠይቁም። እነዚህ አገሮች ድንገት ለሚታጠፍ ሰው መሸሻ ስለሆኑ በየቋጠሮው ገጽ፣ ምትኩን በሚጽፉበት ቦታ ቀድመው ይጻፏቸው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይረሳ፤ ከ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሲሆን፣ ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሳያስቡት ወደ ሌላ አገር የሚታጠፍ ሰው ይህን ካርድ የሚጠየቅበት ቦታ ድንገት ሊያጋጥመው ይችላል። አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር፦ መኪናና ሞተር ብስክሌት በብዙ የአፍሪካ አገሮች የጉምሩክ ማለፊያ ሰነድና ዋስትና ሲጠየቅባቸው፣ ብስክሌት በአብዛኛው እንደ ግል ዕቃ ታይቶ ያልፋል። መንገድ ሲዘጋ ብስክሌተኛ ከማንም ቀድሞ ሊታጠፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

፬. ብስክሌቱን ለመጋለብም ለመጫንም ያዘጋጁ

ለጎማ ልክ ትኩረት ይስጡ። በየገበያው የሚገኘው የተራራ ብስክሌት ጎማ 26 ኢንች፣ በትክክለኛ ልኩ 559 ሚሊ ሜትር ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ገጠሮች ጭነት የሚያመላልሰው ጥቁሩ ከባድ ብስክሌት ደግሞ 28 ኢንች ጎማ ይጠቀማል፤ ይህ ግን 635 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዘመናዊ የረጅም ጉዞ ብስክሌቶች በሚጠቀሙበት የ622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ አይገጥምም። ሁለቱም «28» ተብለው ስለሚሸጡ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእርስዎ 622 ከሆነ አንድ ትርፍ ኮፐርቶን ከቤት ይያዙ። ካላማዳሪው እንደ መኪና ወፍራም አፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ በየመንገዱ ዳር ያለ ጎሚስታ በመጭመቂያው ሊነፋልዎ ይችላል። የማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበት ትንሽ ብረት ለየብስክሌቱ የተለየ ስለሆነና ብስክሌት መኪና ላይ በተጫነ ቁጥር የሚጣመመው እርሱ ስለሆነ ሁለት ትርፍ ይያዙ።

ዕቃዎን በአንድ ትልቅ ማዳበሪያ ውስጥ ሰብስቦ መቋጠር የሚቻል ይሁን። አራት አምስት ትንንሽ ቦርሳ ይዞ አውቶቡስ ተራ የደረሰ ሰው አንዱን ሲጠብቅ ሌላውን ያጣል። ገንዘብን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አንድ የአውሮፕላን ቲኬትና የሁለት ሳምንት ስንቅ የሚሸፍን ገንዘብ ከዕለት ወጪዎ ለይተው ያስቀምጡ፣ ከእርሱም የተወሰነውን ባልታጠፈና ባልቆሸሸ የዶላር ኖት ይያዙ፤ ድንበር ላይ ያረጀ ኖት ብዙ ጊዜ አይቀበሉም።

፭. ወሬውን አጣርተው ይስሙ

«መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ። ሰው እንግዳን ማሳዘን ስለማይወድ «አዎ» ይላል፣ ወይም ኃላፊነት መውሰድ ስለማይፈልግ «አይቻልም» ይላል፤ ሁለቱም መልሶች ስለ መንገዱ የሚነግሩዎት ነገር የለም። «አንተ ራስህ መጨረሻ ያለፍከው መቼ ነው? በምን ተሳፍረህ? ስንት ቦታ አስቆሙህ? የት አደርክ?» ብለው ይጠይቁ። ያለፈ ሰው ዝርዝሩን ሳያስብ ይነግርዎታል፤ የሰማ ሰው ይደነቃቀፋል።

ከሁሉ የሚታመነው ከወዲያ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ኑሮው ስለሆነ አይዋሽም። ከእርሱ ቀጥሎ ጎሚስታው ነው፤ መንገዱ ከተበላሸ ሥራው ስለሚበዛ፣ ከተዘጋ ደግሞ ሥራው ስለሚቆም መጀመሪያ የሚያውቀው እርሱ ነው። አውቶቡሶች መደበኛ ጉዟቸውን ካቋረጡ፣ ማንም ምንም ቢል፣ እርስዎም ያቁሙ። የኤምባሲዎች ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ክልልን በሙሉ ስለሚሸፍን ለመንገድ ምርጫ ሰፊ ነው፤ ይሁን እንጂ መነበብ አለበት፤ የጉዞ መድን ሰጪዎች ካሳ ለመከልከል የሚጠቅሱት እርሱን ነውና። ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩ ካርታዎች ላይ ያለ ቀጭን መስመርም መንገድ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይደለም፤ ድልድዩ ከዓመታት በፊት ተወስዶ መስመሩ ብቻ የቀረበት ጊዜ አለ።

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በሦስት ቀን ውስጥ ያለፉ፣ ተመሳሳይ ነገር እስካልነገሩዎ ድረስ ከመወሰኛ ከተማው አይነሱ።

፮. ተዘግቶ ሲያገኙት፦ የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት

እንዲህ ሁሉ ተጠንቅቀውም መንገዱ ፊትዎ ላይ ይዘጋል። በመጀመሪያ ከብስክሌቱ ይውረዱ፣ ጥላ ይፈልጉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ይብሉ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ 80 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በፀሐይ የደረቀ ሰው ውሳኔው ከድካሙ ይወለዳል። ከዚያም የገጠመዎት መዘጋት ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ፤ መድኃኒቱ ይለያያልና።

የውሃ ከሆነ ይጠብቁ። በደረቅ አገር ያለ ወንዝ በደራሽ ጎርፍ ሲሞላ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ከጉልበት በላይ የሆነ ፈሳሽ ውሃ ውስጥ ብስክሌት እየገፉ መግባት በፍጹም አይገባም፤ ብስክሌቱና ቦርሳው ውሃውን ስለሚጋርዱ ከሰውየው ይልቅ በቀላሉ ይወሰዳሉ፣ ሰውየውም ለማትረፍ ሲይዛቸው አብሮ ይወሰዳል። አንድ ጊዜ በሰሜን ኬንያ በእንዲህ ያለ ደረቅ ወንዝ ዳር ከከሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ አሳልፌያለሁ። በሌሊቱ ውስጥ ድምፁ ብቻ ይሰማ ነበር፣ ሲነጋ ቁርጭምጭሚት የማያደርስ ሆኖ ተሻገርኩት። በዚያ ምሽት ልሻገር ብዬ የተነሳሁትን የያዘኝ ግመሎቹን ይዞ የሚጠብቅ አንድ እረኛ ነው፤ አሁንም አመሰግነዋለሁ።

የወረቀት ከሆነ በትሕትና ይሥሩት። ሹሙ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ፣ ማን ሊሰጥ እንደሚችልና የት ከተማ እንደሚገኝ ጠይቀው በደብተርዎ ይጻፉ፤ የሚቻል ከሆነ ሹሙ ራሱ እንዲጽፍልዎ ይለምኑ። ከአንዱ አገር የመውጫ ማህተም ከመምታትዎ በፊት የሚቀጥለው አገር እንደሚቀበልዎ እዚያው ያረጋግጡ። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው በሁለት ኬላዎች መካከል፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ ይቀራል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላም መመለስ አይችልም።

የጸጥታ ከሆነ አይከራከሩ። ወታደር ወይም የአገር ሽማግሌ «አትለፍ» ካለ ምክንያቱን ማወቅ አያስፈልግዎትም። በጎን በኩል ዞሮ ማለፍን፣ ሌሊት መሄድን፣ በአጃቢ መኪና ጀርባ መከተልን ከሐሳብዎ ያውጡ፤ ብስክሌተኛ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ የሚከልለው ብረት የሌለው ሰው ነው። በዚያው ቀን ወደ መጨረሻው የመወሰኛ ከተማ ይመለሱ። በግጭት አካባቢ የሰዎችን ወይም የኬላን ፎቶግራፍ አያንሱ።

የአራዊትም መዘጋት አለ። በቦትስዋና ከናታ እስከ ካሳኔ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዝሆኖች አጥር ሳይከልላቸው የሚሻገሩበት ነው። እዚያ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ ይነሱ፣ ከመጥለቋ በፊት ይጠለሉ፣ ዝሆን አስፋልቱ ላይ ከቆመ መኪና እስኪመጣ በሩቅ ሆነው ይጠብቁና ከመኪናው ጎን ተጠግተው ይለፉ፤ ግልገል የያዘች ከሆነች ግን ብስክሌቱን መኪናው ላይ ይጫኑት።

፯. ከአራቱ አንዱን መምረጥ

መጠበቅ፣ መዞር፣ መዝለል፣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ፤ ከእነዚህ ውጪ አማራጭ የለም። መጠበቅን የሚመርጡት የመዘጋቱ ምክንያት የታወቀ ማብቂያ ሲኖረው፣ ለምሳሌ ጎርፍ፣ በዓል፣ ምርጫ ወይም የሥራ ማቆም አድማ ሲሆን ነው። በቋጠሮው ገጽ ላይ አስቀድመው የጻፉት የመጠበቂያ ቀን ሲያልቅ ግን ይነሱ።

መዞር የሚያዋጣው አዲሱ መንገድ ቪዛ የማይጠይቅ አገር ውስጥ ወይም በዚያው አገር ውስጥ ሲሆን ነው። መንግሥት ሲለወጥ የሚዘጋ ድንበር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኒጀር መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ ከቤኒን በማላንቪል የሚያስገባው ድንበር ሲዘጋ፣ ከኮቶኑ ወደ ሰሜን የወጣ ሰው እዚያው ከመጠበቅ ይልቅ ቤኒን ውስጥ ሆኖ ወደ ቶጎ ወይም ወደ ጋና መታጠፍ ይችል ነበር።

መዝለል፣ ማለትም የተዘጋውን ክፍል በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ማለፍ፣ ብዙ ብስክሌተኞችን የሚያሳፍራቸው ነገር ነው። ያልተቋረጠ የጎማ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ መሳል ክቡር ምኞት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ነበረኝ። ነገር ግን ሱዳን የተዘጋችበት ሰው ካይሮ ላይ አንድ ዓመት ተቀምጦ መስመሩን አያድነውም። የሳዑዲ ዓረቢያ ቪዛ ያገኘ ሰው ከግብፁ ሳፋጋ ወደ ዱባ የሚሻገረውን መርከብ ይዞ እስከ ጅዳ ቢጋልብና ከዚያ ቢበር፣ የሚዘልለው ክፍል ያጥርለታል። በታንዛኒያና በዛምቢያ መካከል ደግሞ በ1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲዱ ዳሬሰላምን ከካፒሪ ምፖሺ የሚያገናኘው የታዛራ ባቡር አለ፤ አገልግሎቱ ስለሚቋረጥ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ማጣራት ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተልን መገልበጥ የሚባለው ሰዎች የሚረሱት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው እርሱን ነው። ሰሜኑ ከተዘጋ ወደ ኬፕታውን በርሮ ወደ ሰሜን መጋለብ፣ የመዘጋቱንም ቦታ ከአራት ወር በኋላ ማግኘት ይቻላል። ችግሩ አልተፈታም ይሆናል፤ ቢሆንም ጉዞው ተሠርቷል።

፰. ብስክሌቱን መጫን

አውቶቡስ ተራ ከመነሻው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፣ የብስክሌቱን ክፍያ ከመጫኑ በፊት ይስማሙ፣ ብስክሌቱ ወደ ላይ ሲጫንም አብረው ፖርቶ መጋላው ላይ ይውጡ። ብስክሌቱ ማርሽ ያለበት ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከሁሉ ዕቃ በላይ መተኛት አለበት። በገመድ ፈንታ በቁመቱ በተቀደደ አሮጌ ካላማዳሪ ይሰሩት፤ ስለሚሳብ አይላላም፣ ቀለሙንም አይልጥም፣ የትም ጎሚስታ ዘንድ በነፃ ይገኛል። አንድ ጊዜ ራሴ ሳልወጣ ለረዳቱ ትቼ ብስክሌቴ በሦስት ኩንታል እህል ሥር አድሮ የማርሽ ብረቱ ተጣሞ አገኘሁት። ትርፉን ስለያዝኩ በአንድ ሰዓት ተነሳሁ፤ ባልይዝ ኖሮ ዋና ከተማ ድረስ መመለስ ነበረብኝ።

ለአውሮፕላን ፔዳሎቹን ይፍቱ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ጥርሱ የተገለበጠ ስለሆነ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጉልበቱን ይጨርስና ያጠብቀዋል። ካርቶኑን ከብስክሌት ሻጮች ይጠይቁ። የማርሽ መቀየሪያውን ነቅለው በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ውስጥ ያስሩት። የጋዝ ምድጃ ጣሳ አይጫንም፤ የቤንዚን ምድጃ ከያዙም ጠርሙሱን አጥበው፣ ሽታው እስኪጠፋ ክፍት አድርገው ያሳድሩት።

፱. ከዝላዩ በኋላ ባለው ማግስት

አዲሱ ከተማ እንደደረሱ ወዲያው አይጋልቡ። ብስክሌቱን ገጥመው፣ ራጂ የሚባሉትን የቸርኬ ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣትዎ እየነኩ የላላ ካለ ያጥብቁ፣ ፍሬኑን ይሞክሩ። ከዚያ የቋጠሮ ገጾቹን ከመጀመሪያው እንደገና ይጻፉ፤ ዝላዩ ወደፊት ወይም ወደኋላ ስለገፋዎት ዝናቡም፣ የቪዛው ቀንም፣ የመወሰኛ ከተማዎቹም ተለውጠዋል። በአሮጌው ስሌት ላይ አዲስ መንገድ ቀጥሎ የሚሄድ ሰው በሁለተኛው ቋጠሮ ላይ በቀን እጥረት ይያዛል። የተነካውን የመጠባበቂያ ገንዘብ እስኪተኩ ድረስም የመንገዱን አስፋልት ክፍል ይምረጡ። በመጨረሻም ለቤተሰብ አዲሱን መስመር፣ የሚቀጥለውን የመወሰኛ ከተማ ስምና እዚያ የሚደርሱበትን ቀን በአጭር መልእክት ይላኩ፤ ከዚያ ቀን ስንት ቀን ካለፈ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸውም አብረው ይጻፉላቸው።